የረቡዕ ጥያቄ

እትዬ አሰፋሽ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይመጡ ነበር። የአጥራችንን በር ሳያንኳኩ ገፋ አድርገው ይገባሉ። መጀመሪያ የሚያዩት እናቴን ሳይሆን ጓሮውን ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱን መዝጊያ ከፍተው ይዘጋሉ፣ በእንሰቱ መካከል ገብተው ይወጣሉ፣ ደጃፍ ላይ ያለውን ጫማ በዓይናቸው ይገመግማሉ። ከዚያ በርጩማ ስበው ይቀመጡና እኔን ይጠሩኛል።

«ነይ ወዲህ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ስምሽ ማነው?»

«ህብረት።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የኤርካሎ።»

«ጎሳሽ?»

«ሂዚያ።»

«እያየሽኝ ተናገሪ እንጂ! መሬቱ ነው ወይ የጠየቀሽ? እንደገና!»

እንደገና እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ከበስተኋላዬ መጥተው ድንገት ይጠይቁኛል። አፌን ሙሉ ጎዳሬ ጎርሼ ሳለ ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ እያለቀስኩ፣ ደሙን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ለቅሶዬን ሳላቋርጥ መለስኩ። «ጎበዝ» አሉኝ። ጠላኋቸው።

እነዚህን ጥያቄዎች ወላይታ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። መንገድ ላይ የተገኘ ትልቅ ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ መልሱ ካልተሟላ ጨዋታ አይቀጥልም። ጎሳ የሚጠየቀው ነገ ልጆች ሲፈላለጉ ወንድም እህቱን እንዳያገባ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ነገር አይቀለድም። ሰው ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ስለ ከብቱ ብዛት ይዋሻል። በጎሳው የሚዋሽ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ወይም ያላየሁ መስሎኝ ነበር።

ያ ዘመን የአንድ ለአምስት ዘመን ነው። አንድ ሰው የአምስት ቤት ኃላፊ ይሆናል፤ ጠርናፊ ይባላል። መጸዳጃ ቤት ተቆፍሯል ወይ፣ ልጅ ተከትቧል ወይ፣ አዲስ እንግዳ ያደረበት ቤት አለ ወይ፣ ሰው ምን ያወራል፤ ይህን ሁሉ አይቶ ለቀበሌ ሪፖርት ያደርጋል። እትዬ አሰፋሽ የእኛ ጠርናፊ ነበሩ። ጎረቤታችን ጋሽ ወንደሰን ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሬዲዮናቸውን ይቀንሱና በአጥሩ ቀዳዳ በኩል «ሰላይዋ መጣች፣ አፋችሁን ሰብሰብ» ይሉናል። ለልጅ ጭንቅላቴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የሚገርመኝ ግን መልሱን እያወቁ መጠየቃቸው ነበር። እንዲያውም «ኤርካሎ» የሚለውን ስም ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። የአባቴ ስም ለገሰ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሁምቦ ውስጥ፣ ተበላ የምትባል ከተማ ሳለን እኔም ሶሲ ነበርኩ፤ ሶዶ ስንገባ ህብረት ተባልኩ። ከተማ የገባ ሰው ሁሉ ስሙ የሚቀየርለት ይመስለኝ ነበር። የእኔ ከተቀየረ የአባቴም ተቀይሮ ኤርካሎ ሆኗል ማለት ነው፤ ገና እሱ ራሱ አልሰማም እንጂ።

አባቴን አስታውሰው ነበር። ሞተር ሳይክሉ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ የተበላን ገበያ ያዞረኛል። ሸንኮራ አገዳ በጥርሱ ልጦ ይሰጠኛል። ሲጋራ ያበላሸው ሳል ነበረው፤ ሁለቴ ሳል ሳል ይልና በመጨረሻ እንደ ማፏጨት ይላል። ሲመጣ ከማየቴ በፊት ሳሉን እሰማለሁ። አንድ ጠዋት፣ እሱ ሥራ ከወጣ በኋላ፣ እናቴ «ሶዶ ለበዓል እንሄዳለን» ብላ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ። በዓሉ አለቀ፤ እኛ ግን አልተመለስንም። «አባትሽ ሥራ በዝቶበታል» ትለኛለች። እኔም ሥራው የሚያልቅበትን ቀን እየጠበቅሁ ሁለት ሦስት ዓመት አለፈ።

ፈጠነች የምትባለው እናቴ ዳታ የሚባለውን የወላይታ በርበሬ ትሠራ ነበር። ቃሪያውን፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ድንጋይ ላይ ስትደቁስ የድንጋዩ ድምፅ ከዳሞታ ተራራ ሥር የሚሰማ ይመስለኛል። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት እንደ መንጠቆ ታጥፎ የቀረ ስለሆነ ድንጋዩን በአራት ጣት ነው የምትይዘው። ጣቷን እንሰት ስትፍቅ መፋቂያው አዳልጧት እንደሆነ ነግራኛለች። ዳታውን ለሥጋ ቤቶች የሚወስዱት እትዬ አሰፋሽ ናቸው፤ እናቴ ገበያ ወጥታ አታውቅም። ይህንንም ለራሴ ተርጉሜዋለሁ፦ ሴትዮዋ ቤታችን እየገቡ ይሰልላሉ፣ ሲወጡ ደግሞ ዕቃችንን ተሸክመው ይሄዳሉ። የእናቴ ዓይን ሁልጊዜ ይቀላ ነበር። በርበሬው ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ በማትደቁስበት ቀንም ቀልቶ ነው የማስታውሰው።

አንድ ረቡዕ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ያለ መታወቂያ እስከ መቼ ነው የምኖረው እትዬ?» አለች እናቴ።

«ልታወጪ ብትሄጂ መሸኛ አምጪ ይሉሻል። መሸኛው ከየት ይመጣል? ከተበላ። ማን ይጽፈዋል? የሱ ጓደኛ። ከዚያስ? እሱ ራሱ ተሸክሞልሽ ይመጣል!»

«ታዲያ እንደሌለ ሰው ልኑር?»

«በእኔ አፍ አለሽ። በወረቀት ግን የለሽም። ተይው፣ እንደዚያው ይሁን።»

 እኔ ከበሩ ጀርባ የገባኝ ሌላ ነው። እትዬ አሰፋሽ ለቀበሌ እናቴ የለችም ብለው ሪፖርት አድርገዋል! እናቴ ከሌለች እኔን ማን ሊወስደኝ ነው? ልጅ የሌላቸው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ፦ የወንድማቸውን ስም የሰጡኝ ሊወስዱኝ አስበው ነው። ኤርካሎ የሞተ ወንድማቸው መሆኑን በዚያው ሳምንት ከጋሽ ወንደሰን ሰምቼ ነበርና።

ጊፋታ ሲቃረብ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ቤታችን በዳታ ሽታ ታጠነ። ከብት የሚያርደው ሁሉ ዳታ ይፈልጋል። እትዬ አሰፋሽ ቀናቸው ባልሆነ ቀን፣ ሰኞ፣ ምላጭ ይዘው መጡ። እናቴን ወደ ጥግ ወስደው አንድ ነገር ሹክ አሏት። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ እኔን በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው ያንን ለጊፋታ ሊጎነጎን የነበረውን ረጅም ጸጉሬን ላጩት።

«ቅማል የለብኝም!» እያልኩ ጮህኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «አትንቀሳቀሺ፣ ጆሮሽን እቆርጠዋለሁ።»

ሲጨርሱ እንደ ወንድ ልጅ ሆኜ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። እያነባሁ መለስኩ። የሚቀጥለውን ቀን ሙሉ በእንሰቱ ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ፤ ማንም እንዳያየኝ።

እዚያ ሆኜ ነው ሳሉን የሰማሁት። ሁለቴ ሳል ሳል፣ ከዚያ ማፏጨት።

ሰፊውን የእንሰት ቅጠል ገለጥ አደረግሁ። እትዬ አሰፋሽ በራችን ላይ ቆመዋል፤ መግቢያውን በሙሉ ሰውነታቸው ሞልተውታል። ከፊታቸው አባቴ ነበር። በግራ እጁ ሸንኮራ አገዳ ይዟል። ቀኝ እጁን ወደ ኋላው አድርጎታል፤ ሌላ ስጦታ ደብቆ መሆን አለበት አልኩ፤ ምናልባት ጫማ።

«በዚህ ሰፈር እርስዎ የማያውቁት ቤት የለም አሉኝ» ይላል። «ሚስቴን ነው የምፈልገው። ቀበሌ መዝገብ ላይ አጣኋት። ግን እዚህ አካባቢ አየኋት ያለኝ ሰው አለ።»

«ተጣልታችሁ ነው?»

«ትንሽ ነገር ናት። ጊፋታ ሳይገባ ልታረቃት ነው።»

«እርቅ ደግ ነው። አንተ ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ?»

ነገራቸው። ጎሳውን ጠየቁት። የእናቱን ጎሳ ጠየቁት። የአያቱን አገር ጠየቁት። እኅቶቹ የት እንደተዳሩ ጠየቁት። አባቴ እግሩን ይቀያይር ጀመር።

«እኔ ልጠይቅ መጥቼ እርስዎ ጠየቁኝ እኮ!»

«የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ እመልስለታለሁ? በል ቀጥል፤ አጎትህን እንኳ ሳላውቀው አልቀርም።»

ከቤት ውስጥ ይሰማ የነበረው የድንጋይ ድምፅ ቆሟል።

«እዚህ ቤት ማን ነው ያለው?» አለ አባቴ፣ አንገቱን በትከሻቸው ላይ አሻግሮ።

«የወንድሜ የኤርካሎ ቤት ነው። እሱ ሞቷል። ሚስቱና ልጁ አሉ።»

ሞቷል! አባቴ ፊት ለፊት ቆሞ የልጅቷ አባት ሞቷል አሉት። ከእንሰቱ ውስጥ ተስፈንጥሬ ወጣሁና መካከላቸው ቆምኩ። እትዬ አሰፋሽ ሲያዩኝ አልጮኹም፣ አልያዙኝም። በዓይናቸው ብቻ ያዙኝ።

«ይቺ ናት ልጁ?» አባቴ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ፊቴ ጋ ደረሰ። የሲጋራው ሽታ ራሱ ነው። «ማነሽ አንቺ?»

በእርግጥ አውቆኛል፣ ሊጫወትብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ጎበዝ መሆኔን ላሳየው ፈለግሁ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ህብረት!»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የኤርካሎ!»

«ጎሳሽ?»

«ሂዚያ!»

አንድም ቃል አልሳትኩም። አሁን ይስቃል፣ አሁን ያነሳኛል፣ አሁን የደበቀውን ስጦታ ያወጣል ብዬ ጠበቅሁ። የተላጨ ጭንቅላቴን አየ። በጎሳው የሚዋሽ ልጅ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አይቼ አላውቅም ነበር። «ጎበዝ» አለኝና ተነሳ። ሸንኮራውን እንኳ ሳይሰጠኝ፣ የያዘውን እንዳላይ ቀኝ እጁን ወደ ፊቱ አዙሮ፣ ቁልቁል ሄደ። ሳሉ ከመታጠፊያው ወዲያ ሆኖ አንድ ጊዜ ተሰማ።

«አባቴ ነው! ለምን ሞቷል አልሽው?» ብዬ እትዬ አሰፋሽን በጡጫ መታኋቸው። አንቺ ብዬ የጠራኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ስለዋሹ እግዜር እየቀጣቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ከቤት ወጥታ በበርበሬ እጇ እግራቸው ላይ ስትወድቅ ደግሞ እናቴንም ጠላኋት።

ያን ጥላቻ ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። ሀንጋሪ ለትምህርት ልሄድ ስል ነው እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ እውነቱን የነገረችኝ። እንሰት መፋቂያ የሚባል ነገር ጣቷን እንዳልነካው ነገረችኝ። አባቴ ጣቷን በበር መዝጊያ መካከል አስገብቶ እንደዘጋው፣ ቀጣዩ እኔ እንደምሆን እንደነገራት ነገረችኝ። ሶዶ እንደገባን የገጠሙን የመጀመሪያ ሰው ጠርናፊዋ ነበሩ። ጎሳዋን ሲጠይቋት እናቴ ደንግጣ ዋሸች፤ እሳቸውም ውሸቱን ወዲያው አወቁ። «ውሸትሽ ሽንቁር አለው» አሏት። «በሱ ከምትያዢ የእኔን ውሰጂ።» የወንድማቸውን ስምና ከግቢያቸው ጓሮ ያለውን ቤቱን ሰጡን። የረቡዑ ምርመራ ልምምድ ነበር። ምላጩም፣ አንድ ከተበላ የመጣ ሰው ቀበሌ ገብቶ ስለ አንዲት ሴትና ረጅም ጸጉር ስላላት ልጅ መጠየቁን ስለሰሙ ነው።

ሀንጋሪ ሄጄ የተማርኩት የሰዎች መረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። መምህራኖቼ ብዙ ሕግ ጠቅሰውልኛል። እኔ ግን አንድ ትምህርት በጀመረ ቁጥር የማስበው በር ሞልተው የቆሙትን ሴትዮ ነበር። ተመልሼ ሶዶ ስገባ ከተማው አስፋልት ለብሷል፣ ባጃጁ በዝቷል፣ እኔም ለመቀመጥ ይሁን ተመልሼ ለመሄድ ገና አልወሰንኩም። አንድ ነገር ግን እየጠበቀኝ ነበር። እትዬ አሰፋሽ አርጅተዋል፤ የጓሮውን ቤት በሕይወት ሳሉ በእናቴ ስም ማዞር ይፈልጋሉ። ለዚያ ደግሞ እናቴ ዲጂታል መታወቂያ ማውጣት አለባት፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌን፣ ስም፣ አድራሻ።

«አታወጪም» አልኳት። «አባቴ በሕይወት አለ። ዛሬም ሲጠጣ አንድ ቀን አገኛታለሁ ይላል አሉ። ጥጋቡ የሚባለው የወንድሙ ልጅ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። ማን ምን እንደሚያይ በምን እናውቃለን?»

እናቴ ዳታ የነካ እጇን በውኃ አለቀለቀች። «ህብረት፣ ይሄ ቤት የእኔ ላብ ነው። ከእንግዲህ አልደበቅም» አለች። ቀጥላ ግን «መታየት ያለብኝም እኔ በፈቀድኩት ያህል ነው። አንቺ ተምረሻል፤ እሱን አድርጊልኝ» አለችኝ።

እትዬ አሰፋሽን ይዘን ሦስታችን ሄድን። የምዝገባው አዳራሽ ሰው ሞልቶታል። መዝጋቢዋ ሰርካለም የምትባል ፈጣን ልጅ ነበረች፤ ስክሪኗ ወደ ሰልፉ ዞሯል፣ የእያንዳንዱን ሰው ስምና ስልክ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ታነባለች። የእናቴ ተራ ሲደርስ ከጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ስክሪኑን አዙሪው» አልኳት። «ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ።»

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ! ምን የሚደበቅ ነገር አላችሁ?»

«አለን» አልኩ። «ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ አለው። ስክሪኑ ካልዞረ አንቀመጥም።»

ከሰልፉ አንዱ «በናታችሁ ጨርሱ!» አለ። አልተንቀሳቀስኩም። ሌላዋ ሴት ግን «ልክ ናት፣ የእኔንም ስልክ ጠቅላላ ሶዶ ሰምቶታል» አለችና ሰው ሳቀ። ሰርካለም ከንፈሯን ነክሳ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መረጃው የሚገባው ሲስተም ውስጥ ነው እኮ፣ አታስቡ» አለች።

እትዬ አሰፋሽ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ይሄ ሲስተም የምትሉት የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም እማማ። ሁሉንም የሚይዝ ነገር ነው።»

«እንደ ጠርናፊ?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ለሰው ብሎ መዋሸት ይችላል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች ሰርካለም በኩራት።

«እንግዲያው ሥራውን አያውቅም» አሉና መልሰው ተቀመጡ።

እናቴ እጇን መስታወቱ ላይ አደረገች። አራቱ ጣት ተነበበ፤ ሌባ ጣቷ ግን አልተኛ አለ። ሰርካለም በቀስታ ልትጫነው ሞከረች፤ ማሽኑ ቀይ አበራ፣ እንደገና ቀይ አበራ። «ምን ሆኖ ነው?» አለች። እናቴ ጣቷን መልሳ መስታወቱ ላይ አደረገች። እትዬ አሰፋሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልነገሩኝን ነገር ነገሩኝ።

«ያን ቀን ሰውዬው በኋላው ይዞት የነበረው ነገር ትዝ ይልሻል? እኔ ሲዞር ከጎን አይቼዋለሁ። አለንጋ ነበር።»

ጫማ አልነበረም። ዓይኔን ከእናቴ ጣት ላይ አላነሳሁም። ማሽኑ በመጨረሻ የተጣመመችውን ጣት እንደተጣመመች ተቀበላት፤ ማን እንዳጣመማት ግን አልጠየቀም።

ሰርካለም የእናቴን አነጋገር ስትሰማ ፊቷ በራ። «እርስዎ የሁምቦ ሰው ነዎት! እኔም የተበላ ልጅ ነኝ እኮ። የማን ልጅ ነዎት?»

ይህ ጥያቄ ከስክሪኑ አልነበረም። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«አንቺስ የኔ ልጅ? የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ ደስ ብሏት ነገረቻት። እናቴ ጎሳዋን ጠየቀች፣ የእናቷን ጎሳ ጠየቀች፣ ቤታቸው ከወፍጮው በላይ ይሁን በታች ጠየቀች። ሰርካለም እያወራች፣ እየሳቀች፣ የዓይን ብሌኑን አነሳች፣ ማሽኑ ድምፅ ሰጠ፣ አለቀ። እናቴ ስለ ራሷ ማሽኑ ከጠየቀው በላይ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እትዬ አሰፋሽ በነጠላቸው ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለስልክ ቁጥሩ የእኔን አስጻፍኩ። በመታወቂያዋ የሚጠቀም ሰው ካለ መልእክቱ ለእኔ ይድረሰኝ ብዬ ነው። ጥጋቡን ይህ ያስቆመዋል አልልም፤ ዋስትና የሰጠኝ የለም። ግን የእናቴን መረጃ ማን እንዳየው እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ አንድ ረቡዕ ባይመልሱልኝ በሌላው ረቡዕ። ለዚህ ደግሞ እዚህ መቀመጥ አለብኝ። ጠርናፊነቱ ለእኔ ደርሶኛል።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ጣቶቼ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ማሽኑ ወዲያው ወደዳቸው። ሰርካለም ሳልጠይቃት ስክሪኑን ወደ እኔ ብቻ ዘንበል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስሜን አነበበችልኝና «ትክክል ነው?» አለችኝ። መስታወት እንኳ ያን ስክሪን ያህል ረጅም ጊዜ አይቼ አላውቅም። አይቼው የማላውቀው፣ ቤቱንና ስሙን የሰጠኝ ሟች ስም ከስሜ ቀጥሎ ተጽፏል።

«ትክክል ነው።»

«እናትሽማ ሳትነግረኝ አመለጠችኝ» አለች እየሳቀች። «አንቺ ግን ንገሪኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

ከኋላዬ በርጩማ የተሳበ መሰለኝ።

«እያየሻት ተናገሪ!» አሉ እትዬ አሰፋሽ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዓይን ዓይኗን አየኋት።

«ህብረት» አልኩ። «የኤርካሎ ልጅ። ሂዚያ ነኝ። አክስቴ እኚያ ናቸው።»

አንድም ቃል አልሳትኩም።